«በሙሉ ድምፅ ጸድቋል»፦ የአንድ የጎጃም ከተማ ተመራጭ ጉዳይ

ሰውየው የከተማ ምክር ቤት አባል የሆኑት በሚያዝያ 2005 በተደረገው የአካባቢ ምርጫ ነው። የተመረጡት ለ5 ዓመት ነበር። ይህን እስከጻፍኩበት ጊዜ ድረስ አባል ናቸው። በመሀል አንድም ጊዜ ተወዳድረው አላሸነፉም፤ ተወዳድረውም አልተሸነፉም። ምርጫው ራሱ አልነበረማ።

የከተማዋንም የሳቸውንም ስም አልጠራም። ምሥራቅ ጎጃም ውስጥ፣ ጥሩ ጤፍ በሚወጣበት ወገን ያለች መካከለኛ ከተማ ናት። ለኛ ጉዳይ ይኼ ይበቃል። ሰውየውን የሚያውቃቸው ያውቃቸዋል። የማያውቃቸውም በየከተማው መሰላቸውን አያጣም።

መጀመሪያ ይህን ያህል ዘመን እንዴት እንደቆዩ ላስረዳ። በ2010 መደረግ የነበረበት የአካባቢ ምርጫ በተወካዮች ምክር ቤት ውሳኔ ተራዘመ። በዓመቱ ደግሞ ከጠቅላላ ምርጫው ጋር ይሁን ተባለ። ጠቅላላ ምርጫውም በኮሮና ሰበብ ከ2012 ተገፍቶ ሰኔ 14 ቀን 2013 ተካሄደ። ያኔ ሕዝቡ ለፌዴራልና ለክልል ምክር ቤት ድምፅ ሰጠ። አዲስ አበባና ድሬዳዋም የከተማ ምክር ቤታቸውን መረጡ። የወረዳው፣ የቀበሌውና የሌሎቹ ከተሞች ወንበር ግን ሳይነካ ቀረ።

በዚህ መሀል የፓርቲያቸው ስም ሁለት ጊዜ ተቀይሯል። ሲመረጡ ብአዴን ነበሩ። መስከረም 2011 ላይ አዴፓ ሆኑ። ፓርቲዎቹ በኅዳር 2012 እንዲዋሃዱ ከተወሰነ በኋላ ደግሞ ብልጽግና ናቸው። መራጩ ግን ድምፁን የሰጠው ለመጀመሪያው ስም ብቻ ነው። ይህን ሳነሳባቸው ሳቁ። «እኔ ከወፍጮዬ አልተነሳሁም፤ ታፔላው ነው የሚቀያየረው» አሉኝ።

ወፍጮ ያልኩት የምር ወፍጮ ነው። ከገበያው በስተጀርባ ወፍጮ ቤት አላቸው። ሴቶች እህላቸውን ይዘው ወረፋ ይጠብቃሉ። ሞተሩ ሲጮህ ማውራት አይቻልም። መብራት ሲጠፋና ሞተሩ ዝም ሲል አቤቱታው ይጀምራል። ቦኖው ከደረቀ ሳምንቱ። የልጄን የልደት ካርድ ከለከሉኝ። ቀበሌ ብሄድ ማኅተም የያዘው ሰው ስብሰባ ነው አሉኝ። ትራንስፎርመሩ ፈንድቶ ሰፈሩ ጨለማ ውጦታል። ሰውየው ከሚዛኑ አጠገብ ያለችውን ደብተር ይስባሉ። ከፊት በኩል የወፍጮ ሒሳብ ነው፤ ከጀርባ በኩል የሰው ጉዳይ። ዱቄት እየገባባት ገጾቿ ተጣብቀዋል። የሰፈሩ ሰው «አያ ተመራጭ» ይላቸዋል። ግማሹ በአክብሮት ነው፣ ግማሹም በሹፈት።

እንዴት ለውድድር እንደቀረቡ ጠየቅኳቸው።

«መጥተው ተወዳደር አሉኝ። የዕድር ዳኛ ስለሆንኩ ሰው ያውቀኛል። ምን አውቃለሁ ብዬ ነበር፤ ኋላ እሺ አልኩ።»

«ተፎካካሪ ነበርዎት?»

«ኧረ ወዲያ! ከማን ጋር?»

እውነታቸውን ነው። በዚያ ምርጫ 33 ተቃዋሚ ፓርቲዎች ራሳቸውን አግልለው ነበር። በመላ አገሪቱ ከነበሩት 3.6 ሚሊዮን ያህል የአካባቢ ወንበሮች ከአምስቱ በቀር ሁሉንም ኢሕአዴግና አጋሮቹ ወሰዱ። እናም የምናወራው ከመነሻው የተቃዋሚ ወንበር ስለሌለው ምክር ቤት ነው። ይህን ካልያዝን ቀጥሎ የማነሳው የድምፅ ነገር አይገባንም።

ከአገልግሎታቸው ልጀምር፤ እሱ ላይ ክርክር የለም።

የምክር ቤት አባልነት ደመወዝ የለውም። የሚከፈላቸው አፈ ጉባኤውና ጥቂት ቋሚ ተሿሚዎች ናቸው። ሌላው በስብሰባ ቀን አበል ቢያገኝ ነው። አያ ተመራጭ ግን ከስብሰባው ውጪ የሚሠሩት ሥራ ይበልጣል። ለቅሶ አይቀሩም። ድንኳንና ወንበር ያስተክላሉ። ሰው ታሞ ባሕር ዳር ሪፈር ሲባል መኪና የሚለምኑ እሳቸው ናቸው። ሁለት ቤተሰብ በደም ተፈላልጎ በነበረ ጊዜ ከሽማግሌዎቹ ጋር ወጥተው ወርደው ዕርቅ አውርደዋል። ጎጃም ውስጥ ደም ማድረቅ ቀላል ነገር አይደለም። ካሳው አለ፣ መሐላው አለ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ «እሱ የመጣ እንደሆን እሰማለሁ» የሚባል ሰው ያስፈልጋል።

ስማቸውን ያተለቀው ግን የወንዟ ድልድይ ነው። ከሰፈሩና ከትምህርት ቤቱ መሀል አንዲት ወንዝ አለች። በጋ ላይ ተራምደህ ታልፋታለህ። ሐምሌ ሲገባ ግን ሌላ ናት። ልጆች ቀርተው ይውላሉ፤ አንዳንዱን ትልልቁ ጀርባው ላይ አዝሎ ያሻግረዋል። ማዘጋጃ ቤቱ በየዓመቱ «በቀጣይ በጀት ዓመት ይያዛል» ይላል። ሰውየው በዕድሩ ስብሰባ ላይ ነገሩን አነሱት። ነዋሪው ገንዘብ ያዋጣ፣ ድንጋይ ያቅርብ፣ ጉልበት ይስጥ። ማዘጋጃ ቤቱ መሐንዲስና ሲሚንቶ ይቻል። ተስማሙ።

ገንዘብ መሰብሰቡ ብዙ ጊዜ የሚበላሽበት ቦታ አለ። ሰው ያዋጣል፣ ደረሰኝ የለም፣ ሐሜት ይነሳል፣ ሥራው ይቆማል። እሳቸው የዕድሩን ደረሰኝ ተጠቀሙ። ከዚያም የሰጠውን ሰው ስምና ብር፣ የወጣውንም ወጪ እያስጻፉ በወፍጮ ቤቱ በር ላይ ለጠፉት። አሸዋ በዚህ ያህል። ብረት በዚህ ያህል። የግንበኛ ምሳ ሳይቀር አለበት። ቃሉን ጠብቆ ያላዋጣውም ሰው ስሙ ሳይኖር ሲቀር ይታያል። «ያላዋጣ ሁሉ እየመጣ ስሜን ጻፉልኝ ማለት ጀመረ» ብላ የሳቀችልኝ ጎረቤታቸው ናት። ድልድዩ ዛሬም አለ። አምሮ አልተሠራም። አንደኛው ጠርዙ ሳይለሰን ቀርቷል። ልጆቹ ግን በሐምሌም ይሻገሩበታል።

ያቺን የተለጠፈች ወረቀት አንባቢ ይያዝልኝ፤ ሌላው ነገር የሚለካው በሷ ነው።

ድምፃቸውን ለማየት ቃለ ጉባኤ ያስፈልጋል። በአዋጅ 590/2000 መሠረት ማንም ሰው ከመንግሥት አካል መረጃ መጠየቅ ይችላል፤ መልሱም በ30 ቀን ውስጥ መሰጠት አለበት። ጥያቄዬን በጽሑፍ አስገባሁ። መጀመሪያ «ኃላፊዋ የለችም» ተባልኩ። ቀጥሎ «ከበላይ ይፈቀድ»። ቀጥሎ ደግሞ «ለምን ፈለግኸው?» 30 ቀኑ አለፈ፤ ምላሽ የለም። የመጨረሻውን ጥያቄ ብዙ ሰው የሚያውቀው ይመስለኛል። ሕጉ ለምን እንደፈለግህ ተናገር አይልም።

ያገዙኝ ሰውየው ራሳቸው ናቸው። እያንዳንዱ ጉባኤ የሚጀምረው ያለፈውን ቃለ ጉባኤ በማጽደቅ ስለሆነ ለአባላት ቅጂ ይታደላል። ሌላው አባል ወንበሩ ላይ ትቶት ይሄዳል። እሳቸው ወረቀት መጣል አይሆንላቸውም። ከጓዳ የማዳበሪያ ከረጢት ጎትተው አመጡና «ይኸው፣ አይጥ ያልበላው ይኼ ነው» አሉ።

ከረጢቱ ሙሉ አይደለም፤ የጎደሉ ጉባኤዎች አሉ። ያለው ግን ብዙ ይናገራል። የስም ጥሪው ላይ እሳቸው የቀሩበት ጉባኤ ጥቂት ነው። ከዚያ ወዲያ የሰው ስም የለም። ጥያቄዎቹ «ከቤቱ የተነሱ ጥያቄዎችና አስተያየቶች» በሚል ርዕስ ተደርድረዋል። ቦኖ ጠየቀ፣ የመብራት ምሰሶ ጠየቀ፣ የቄራውን ሽታ አነሳ። ማን? ቤቱ። ምላሹም «በሚመለከታቸው ኃላፊዎች ማብራሪያ ተሰጥቶበታል» ይላል። ማብራሪያው ምን እንደነበር አይገኝም። ከዚያ ውሳኔው ይመጣል፤ ሪፖርቱ በሙሉ ድምፅ ጸድቋል፣ በጀቱ በሙሉ ድምፅ ጸድቋል፣ ሹመቱ በሙሉ ድምፅ ጸድቋል። አልፎ አልፎ «በ1 ድምፀ ተአቅቦ» አለ። አንድ ሹመት ላይ ደግሞ «በ2 ተቃውሞ» አግኝቻለሁ። የማን እንደሆነ አልተጻፈም። ሰውየው «አንዱ የኔ ነው» አሉኝ። ሁለተኛው የማን ነው ስላቸው «ተወው፤ ልጆች አሉት» ብለው ወደ ሚዛኑ ዞሩ።

አንድ ጉባኤ ላይ በታዛቢነት ገብቼ የድምፅ አሰጣጡን አይቻለሁ። አፈ ጉባኤዋ ማይክሮፎኑን ጠጋ አድርጋ «የምትደግፉ?» ትላለች። እጅ ይወጣል። ቆጠራው በዓይን ነው። «እሺ፣ አውርዱ። የምትቃወሙ? … የለም። ድምፀ ተአቅቦ? … የለም። በሙሉ ድምፅ ጸድቋል።» ጭብጨባ። አንድ የፊት ወንበር ላይ የነበሩ ሰው ስልክ እያነጋገሩ በግራ እጃቸው ደገፉ። ብዙ ገጽ ያለው የበጀት ሰነድ ያለፈው ሻይ ለማፍላት በማይበቃ ጊዜ ውስጥ ነው።

ይህን ያህል የሚፈጥነው አባላቱ ስለማያስቡ አይደለም። ክርክሩ ቀድሞ አልቋል። ከጉባኤው በፊት የፓርቲው አባላት ለብቻ ይሰበሰባሉ። እዚያ ይጨቃጨቃሉ። አያ ተመራጭ እንዳወሩኝ አንዳንዱ ጭቅጭቅ እስከ ማታ ይሄዳል። አንዴ ከተወሰነ ግን በጉባኤው ላይ በተለየ መንገድ እጅ ማውጣት «ዲሲፕሊን መጣስ» ነው። እናም የምር ምክር ቤት የሆነው ስብሰባ በዝግ ነው፤ ለሕዝብ የሚታየው የፊርማ ሥነ ሥርዓት ነው። እኔ ችግሩ እዚህ ላይ ነው ባይ ነኝ። ፓርቲ አባላቱን ማሰባሰቡ በየትም አገር ያለ ነገር ነው። መራጩ ግን ወይ የዝግ ስብሰባውን ክርክር፣ ወይ የጉባኤውን ድምፅ በስም ማየት ነበረበት። እኛ ሁለቱንም አናይም።

አሁን ሁሉም ነገር ወደተጋጨበት ወደ አንዱ ውሳኔ ልምጣ። የከተማዋ መዋቅራዊ ፕላን ነው።

መዋቅራዊ ፕላን ከተማ ወዴት እንደሚሰፋ፣ መንገድ የት እንደሚያልፍ፣ የመኖሪያና የኢንዱስትሪ ቦታ የት እንደሚሆን የሚወስን ሰነድ ነው። በአዋጅ 574/2000 መሠረት ለ10 ዓመት ያገለግላል። ረቂቁ ለሕዝብ ቀርቦ አስተያየት ሊሰጥበት ይገባል፤ የሚያጸድቀውም ምክር ቤቱ ነው። የከተማ ምክር ቤት ከሚሰጠው ድምፅ ሁሉ ይኼ ይከብዳል። በጀት በዓመቱ ይታረማል። የታረሰ መሬት አንዴ አስፋልት ከሆነ ግን አይመለስም።

የዚያች ከተማ ፕላን አንድ የገጠር ቀበሌ ጫፍ ይዞ ገባ። ቃለ ጉባኤው «ሰፊ ውይይት ተካሂዶበት በሙሉ ድምፅ ጸድቋል» ይላል። አያ ተመራጭ እጃቸውን ካወጡት አንዱ ናቸው። አይክዱም።

ፕላኑ ከነካቸው ሰዎች አንዷ ባሏ የሞተባት ገበሬ ናት። የነበራት መሬት ሦስት ቃዳ ነው። ቃዳ በኛ አገር የሄክታር ሩብ ነው። አረንጓዴዋን የመሬት ደብተር በፌስታል ጠቅልላ ታስቀምጣለች። አውጥታ አሳየችኝ። የባሏ ፎቶ በአንድ በኩል፣ የሷ በሌላ በኩል ተለጥፏል። መሬቷ የተወሰደው የ2011 አዲሱ የካሳ አዋጅ ከመውጣቱ በፊት ነበር። በቀድሞው አዋጅ 455/1997 ካሳው ያለፉት 5 ዓመታት አማካይ የዓመት ገቢ በ10 ተባዝቶ ነው። አዲሱ አዋጅ 1161/2011 በ15 ያበዛዋል፤ መነሻውም ካለፉት 3 ዓመታት ከፍተኛው ገቢ ነው። ልዩነቱ ለአንድ ቤተሰብ ብዙ ነው። እሷ የደረሳት የድሮው ነው። የተወሰነው በባንክ ተቀመጠ፣ የተወሰነው የልጅ ሠርግ ሆነ፣ የቀረው የት እንደገባ እሷም አታውቀውም። አሁን ከተማ ውስጥ እንጀራ እየጋገረች ትሸጣለች። ጤፉን የምታስፈጨው አያ ተመራጭ ዘንድ ነው።

ስለሳቸው ጠየቅኳት። ዝም አለችና እንዲህ አለች፦

«ባሌ የሞተ ጊዜ ሦስት ቀን ከድንኳኑ አልወጣም። ካሳው ሲዘገይ ዞን ድረስ ሄዶ ያስጨረሰልኝ እሱ ነው። መሬቴን ውሰዱባት ብሎ እጁን ያወጣም እሱ ነው አሉኝ። እንግዲህ ልመርቀው ወይስ ልርገመው?»

«አሉኝ» ያለችው እውነት ነው። በወቅቱ አታውቅም ነበር። ፕላኑ ከጸደቀ በኋላም ለረጅም ጊዜ ማን እንደወሰነ የሚነግራት አልነበረም። ለሷ «መንግሥት» ነው የወሰደው። የነገራት የሰፈር ሰው ነው፤ እሱም በሐሜት መልክ።

ይህን ይዤ ወደ ወፍጮ ቤቱ ተመለስኩ። ቅር ይላቸዋል ብዬ ነበር። አላላቸውም።

«እውነት ብላለች። እጄን አውጥቻለሁ» አሉ። ከዚያ ግን ዘረዘሩልኝ። በዚያን ጊዜ ተደራጅተው፣ በዝግ ሒሳብ ቆጥበው፣ የቤት መሥሪያ ቦታ የሚጠብቁ ማኅበራት ነበሩ። መምህር አለበት፣ ነርስ አለበት፣ የጉልበት ሠራተኛ አለበት። ከተማዋ መስፋት ነበረባት። «የነሱም ተመራጭ እኔ ነኝ። ለሷ ብዬ ብቃወም እነሱን ምን እላቸዋለሁ?» ይኼ ቀላል ክርክር አይደለም። በሊዝ ጨረታ ቦታ መግዛት ለደመወዝተኛ የማይታሰብ ነው። ማኅበሩ ባይኖር ብዙዎቹ ዛሬም የሰው ቤት ተከራይ ነበሩ።

ቀጥሎ የተናገሩትን ግን እስካሁን እያሰላሰልኩት ነው።

«ብቃወምስ ምን ይመጣል? ያው ያልፋል። እኔ ደግሞ ከዚያ በኋላ ቢሮ ገብቼ ‹የዚያችን ሴትዮ ካሳ ጨርሱላት› ብል ማን ይሰማኛል? ተቃዋሚ ተብዬ በር ላይ እቆማለሁ። ስለደገፍኩ ነው የሚሰሙኝ። የሰው ጉዳይ የማስፈጽመው በዚያ ነው።»

ሂሳቡ እንዲህ ነው እንግዲህ። ድምፃቸውን ይከፍላሉ፣ በምትኩ በር ይከፈትላቸዋል። በተከፈተው በር የሰው ጉዳይ ይዘው ይገባሉ። ልደት ካርዱ፣ ቦኖው፣ ትራንስፎርመሩ፣ የድልድዩ ሲሚንቶ ሁሉ በዚህ የተገኘ ነው። እኔ ሳስበው ሰውየው ግማሽ እውነት አላቸው። አንድ ድምፅ ፕላኑን አይጥለውም ነበር። ነገር ግን የፕላኑን አንድ መስመር ማዞር፣ ወይም «ካሳው ሳይከፈል መሬት አይነካ» የሚል ሐረግ በውሳኔው ላይ ማስጨመር ይቻል ነበር። ይህን ስላቸው «በዝጉ ስብሰባ ብያለሁ» አሉ። ብለው ይሆናል። ማረጋገጫ የለኝም፤ እሳቸውም የላቸውም። የድምፅ መዝገብ አለመኖሩ ሰውየውን ራሳቸውንም ጎዳቸው ማለት ነው። በጎ ነገር ቢሠሩም ማስረጃ የሌላቸው ናቸው።

የመዝገቡ አለመኖር በሌላ አቅጣጫም ይጎዳል። በ2009 ክረምት የደረጃ ሐ ግብር ከፋዮች የቀን ገቢ ግምት ሲወጣ አገሩ ሁሉ ተንጫጫ። ዓመታዊ ሽያጫቸው እስከ 500,000 ብር የሆኑ ሻይ ቤት፣ ልብስ ሰፊ፣ ወፍጮ ቤት ሁሉ የማይታመን ቁጥር ተጻፈባቸው። ሰው ወደ አያ ተመራጭ ዘንድ መጥቶ «እናንተ አጸደቃችሁብን» አለ። የከተማ ምክር ቤቱ በዚያ ግምት ላይ ድምፅ አልሰጠም። ገማቹ ኮሚቴ ነበር፤ ሕጉም የፌዴራልና የክልል ነው። እሳቸው ራሳቸው ግምቱ የደረሰባቸው ሰው ናቸው። ግን ምን ድምፅ እንደሰጡ በስም የተጻፈ ነገር ስለሌለ፣ ያልሰጡትንም ድምፅ ሊክዱ አልቻሉም።

ግብር ሲነሳ ጎጃም የቆየ ትዝታ አላት። በ1960 የእርሻ ሥራ ገቢ ግብር አዋጅ ሲወጣ ገበሬው ርስቴ ሊለካ ነው ብሎ ተነሳ። አዋጁ አሥራትን ቢያስቀርም ማንም አላመነውም። ነገሩ ወደ ጦርነት ሄደ፣ አውሮፕላንም ዘመተበት። መጨረሻ ላይ አገረ ገዢው ደጃዝማች ፀሐዩ እንቁ ሥላሴ ከሥልጣን ተነሱ፤ ንጉሡም ውዝፉን ግብር ማሩ። ሽማግሌዎች ይህን ሲያወሩ ስለ ገዢው፣ ስለ ጦሩ፣ ስለ ሸፈቱት ሰዎች ነው። አዋጁ ግን በፓርላማ ያለፈ ነው፤ ፓርላማው ውስጥም ከጎጃም አውራጃዎች የተመረጡ ሰዎች ነበሩ። እነሱ ምን ድምፅ ሰጡ ብዬ የጠየቅኳቸው አዛውንት ትኩር ብለው አዩኝና «እነሱ ደግሞ ምን አገባቸው?» አሉ። ተመራጭን በድምፁ የመጠየቅ ልማድ ያኔም አልነበረም።

ሕጉ ግን አለ። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 12 የመንግሥት አሠራር ለሕዝብ ግልጽ በሆነ መንገድ መከናወን አለበት ይላል። ሕዝቡ አመኔታ ያጣበትን ተመራጭ ማንሳት እንደሚችልም እዚያው ተጽፏል። አንቀጽ 54 ደግሞ የተወካዮች ምክር ቤት አባላት ተገዢነታቸው ለሕገ መንግሥቱ፣ ለሕዝቡና ለኅሊናቸው ነው ይላል። አባሉ በሰጠው ድምፅ እንደማይከሰስም ይደነግጋል። የፓርቲ ዲሲፕሊን እዚያ ዝርዝር ውስጥ የለም። ለመሆኑ ምን እንደወሰነ የማታውቀውን ሰው በምን ታነሳዋለህ? በለቅሶ ቤት ስላልመጣ? እንደኔ እንደኔ ማንሳት የሚለው መብት በኛ ከተማ ያልተሠራበት አንዱ ምክንያት ይኼ ነው። በየዓመቱ «የመራጭ ተመራጭ መድረክ» ይጠራል። ሰው ስለ ውሃ ይጠይቃል፣ ስለ መንገድ ይጠይቃል። «በበጀቱ ላይ ምን ብለህ እጅ አወጣህ?» ብሎ የጠየቀ ግን አላየሁም።

ከምክር ቤቱ ጽሕፈት ቤት አንድ ሰው ጋር ስለዚህ ነገር አውርቻለሁ። የድምፅ ስም ይጻፍ የሚለውን አልወደዱትም። የሰጡት ምክንያት ግን ተራ ሰበብ አይደለም። «ዛሬ ስሙን ብጽፍ ነገ ቤቱ የሚሄድበት ሰው አለ» አሉ። ከ2015 ክረምት ወዲህ ጎጃም ያለችበትን ሁኔታ ለሚያውቅ ይህ ባዶ ስጋት አይደለም። ጉባኤዎቹም እንደ ድሮው በጊዜያቸው አይካሄዱም። የአንድን ሰው ሕይወት አደጋ ላይ ጥሎ የሚገኝ ግልጽነት አልፈልግም። ግን ስም የማይጻፈው ከ2015 ወዲህ አይደለም። ከረጢቱ ውስጥ ያለው የ2006ም ቃለ ጉባኤ ስም የለውም። ያኔ ምን ሰበብ ነበር?

ለማንኛውም ሁሉም ድምፅ በስም ይጻፍ አልልም። ለሻይ ዕረፍት የወጣ እጅ ማን ይቆጥራል። ፕላንና በጀት ላይ ግን ይጻፍ። ወጪውን እስከ ግንበኛ ምሳ ድረስ በር ላይ የለጠፈ ሰው ይህን አይፈራም ባይ ነኝ።

ለአያ ተመራጭ ይህንኑ ነገርኳቸው። የድልድዩን ወረቀት ጠቅሼ «ያንን እንደለጠፉት ይኼንንስ?» አልኳቸው። ትንሽ አሰቡ። «ያ የሰው ገንዘብ ነበር» አሉ። ድምፁስ የማን ነው ስላቸው «አንተ ደግሞ አትለቅም» ብለው ሳቁ። መብራት መጣ። ሞተሩ ጮኸ፤ ወሬያችን ቆመ።

ቆይተው ግን ደወሉልኝ። የምክር ቤቱ የአሠራርና የአባላት ሥነ ምግባር ደንብ ሊሻሻል እንደሆነ ሰምተው፣ በፕላንና በበጀት ላይ የተቃወመና ድምፀ ተአቅቦ ያደረገ አባል ከፈለገ ስሙ በቃለ ጉባኤ እንዲሰፍር የሚል ሐሳብ ለአፈ ጉባኤዋ በጽሑፍ አቅርበዋል። «ከፈለገ» የምትለዋን የጨመሩት እሳቸው ናቸው፤ ስጋት ላለበት ሰው መውጫ ትሁን ብለው ነው። የደገፈው ስምስ አልኳቸው። «እሱን መጀመሪያ ይቺ ትለፍ» አሉ። ሐሳቡ መጀመሪያ በዝጉ ስብሰባ መታየት አለበት ተብሎ እዚያ ተቀምጧል። ወረቀቱ ላይ በቀይ የተመታ የገቢ ደብዳቤ ቁጥር አለ፤ ቅጂውን ለኔም ሰጥተውኛል። እንጀራ ጋጋሪዋም ሰምታለች። ልታስፈጭ በሄደች ጊዜ ነው የነገሯት።